ቢ ሴሎችን «በቃችሁ» የሚላቸው ማነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱን አከታትዬ ሳነብ ገረመኝ። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም። አንዷ ሉፐስ (የመከላከያ ሴሎች የራስን አካል የሚያጠቁበት በሽታ) አለባት፤ አንዱ የላቦራቶሪ ተማሪ ነው፤ አንዷ ነፍሰ ጡር ናቸው፤ አንዷ ደግሞ ስለ ልጃቸው ክትባት ይጨነቃሉ። የሁሉም ጥያቄ ግን ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ያርፋል፦ ሰውነታችን አንቲቦዲ (ባዕድ ነገርን የሚይዝ ፕሮቲን) ማምረቱን በምን ያቆማል? ሥራዬ አንቲቦዲ በሚያመነጩት የሰው ቢ ሴሎች ላይ ስለሆነ ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ እወደዋለሁ። የበሽታ መከላከያ አቅም እንዴት እንደሚነሳ ብዙ ይወራል። እንዴት እንደሚበርድ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። በመጨረሻ አንድ አጭር ጥያቄም ጨምሬአለሁ፤ እሷም ከዚሁ ጉዳይ አትርቅም።

ጥያቄ፦ «26 ዓመቴ ነው። ሉፐስ እንዳለብኝ ከተነገረኝ ቆይቷል። ባለፈው ሐኪሜ ሲያስረዳኝ የቢ ሴሎችሽ ፍሬን ላልቷል አለኝ። ከኋላዬ ወረፋ ስለነበር ዝርዝሩን ሳልጠይቀው ወጣሁ። ፍሬን የሚሉት ምንድን ነው? የኔስ ለምን ላላ? ያጠፋሁት ነገር ይኖር ይሆን?»

መልስ፦ እህቴ፣ ዕድሜሽ ከኔ ልጅ ጋር ስለሚቀራረብ አንቺ ልበልሽ። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ያጠፋሽው ነገር የለም። ይህን አንብበሽ ሌላውን ብትተዪው እንኳ ይበቃኛል።

አሁን ወደ ፍሬኑ። ቢ ሴል በደምሽ፣ በጣፊያሽና በሊምፍ ኖዶችሽ ውስጥ የሚኖር ነጭ የደም ሴል ነው። እያንዳንዱ ቢ ሴል ገጹ ላይ አንድ ቅርጽ ብቻ የሚያውቅ ተቀባይ ይዟል። ይህ ተቀባይ ራሱ አንቲቦዲ ነው፤ ከሴሉ ገጽ ጋር ተጣብቆ የቀረ አንቲቦዲ። ያ የሚያውቀው ቅርጽ፣ ማለትም አንቲጅኑ፣ ሲመጣ ተቀባዮቹን አንድ ላይ ይሰበስባቸዋል። ያን ጊዜ ሴሉ ይነቃል፤ ይባዛል። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ፕላዝማ ሴል ይሆናሉ። አንድ ፕላዝማ ሴል በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠሩ አንቲቦዲዎችን ደም ውስጥ ይለቃል። በሰከንድ ነው ያልኩሽ። እንዲህ ያለ ነገር የሚያቆመው ከሌለ ምን እንደሚከተል መገመት አያቅትሽም።

በደማችን ውስጥ በብዛት ያለው አንቲቦዲ አይጂጂ ይባላል። በጤናማ አዋቂ ሰው በአንድ ሊትር ሴረም ውስጥ ከ7 እስከ 16 ግራም ገደማ ይገኛል። ቅርጹ ሹካ የመሰለ ነው፦ ሁለት ክንድና አንድ እጀታ። ክንዶቹ ባዕዱን ነገር ይይዛሉ። እጀታው ኤፍሲ ይባላል፤ የሰውነት ሴሎች አንቲቦዲውን የሚጨብጡት በእሱ በኩል ነው። እጀታውን የሚይዙት ተቀባዮች ብዙ ዓይነት ናቸው። ማክሮፋጆችና ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች የያዟቸው አብዛኞቹ «በለው፣ ዋጠው» የሚል ትእዛዝ የሚያስተላልፉ ናቸው። ቢ ሴል ግን ከዚህ ከታወቀው የአይጂጂ ተቀባይ ቤተሰብ አንዱን ብቻ ነው የያዘው። እሱም የሚያስቆመውን። ሙሉ ስሙ ኤፍሲ ጋማ ሪሴፕተር ቱ ቢ ነው። እኛ በአጭሩ «ቱ ቢ» እንለዋለን፤ ሐኪምሽ ፍሬን ያለው እሱን ይመስለኛል።

አሠራሩን ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ ያምራል። አንድ ቫይረስ ገባ እንበል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደም ውስጥ እሱን የሚይዝ አንቲቦዲ የለም። ቫይረሱ ራቁቱን ቢ ሴሉ ጋ ይደርሳል፤ ሴሉም ይነቃል። ሳምንታት አለፉ። አሁን ደምሽ ይህን ቫይረስ በሚይዝ አይጂጂ ተሞልቷል። ስለዚህ የቫይረሱ ቁርጥራጭ ቢ ሴሉ ጋ የሚደርሰው አንቲቦዲ ለብሶ ነው። ቢ ሴሉ በአንድ በኩል በራሱ ተቀባይ አንቲጅኑን ይይዛል። በሌላ በኩል ቱ ቢ አንቲጅኑ የለበሰውን የአንቲቦዲ እጀታ ይይዛል። ሁለቱ ተቀባዮች በአንድ ነገር ተስበው ጎን ለጎን ይቆማሉ። የቢ ሴሉ ተቀባይ የቀሰቀሰው ሊን የተባለ ኢንዛይም ያኔ የቱ ቢን ጭራ ያገኘዋል፤ ፎስፌት ይለጥፍበታል። ወዲያው ሺፕ የሚባል ሌላ ኢንዛይም መጥቶ እዚያ ላይ ያርፋል። የማንቂያው መልእክት የሚተላለፈው ከሴሉ ገጽ በታች በሚከማች ፒአይፒ3 በተባለ የቅባት ሞለኪውል ነው። ሺፕ ይህን ሞለኪውል እየቆረጠ ይቀንሰዋል። ፒአይፒ3 ከሌለ ቢቲኬ የተባለው ኢንዛይም የሚቆምበት ቦታ ያጣል፤ ካልሲየም ወደ ሴሉ መግባቱ ይቋረጣል፤ ሴሉም ሳይባዛ ይቀራል።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ደማችን ምንጊዜም በአይጂጂ የተሞላ ከሆነ ሁሉም ቢ ሴሎች ለምን አይቆሙም? ቱ ቢ ነጠላ አንቲቦዲን አጥብቆ መያዝ ስለማይችል ነው። ብቻውን የሚንሳፈፍ አይጂጂ ነካ አድርጎት ያልፋል። አጥብቆ የሚይዘው ብዙ አንቲቦዲዎች በአንድ አንቲጅን ላይ ተሰብስበው ሲመጡ ነው። ስለዚህ የሚቆመው «የኔ» የሚለው አንቲጅን በአንቲቦዲ የተሸፈነበት ቢ ሴል ብቻ ነው። የኩፍኙ ቢ ሴል ሲቆም የቴታነሱ አይነካም። ማንም ከላይ ሆኖ አያዝም፤ ምርቱ ራሱ አምራቹን ይገታዋል።

አንቺ ጋ ምን ሆነ? በጤናማ ሰው ውስጥ ከዚህ በፊት የነቁት ሜሞሪ ቢ ሴሎች ገና ካልነቁት ይልቅ ብዙ ቱ ቢ ይይዛሉ። ትክክል ነው፤ ልምድ ያለው ሴል ለመነሳት ይፈጥናል፣ መግቻውም መጠንከር አለበት። በብዙ የሉፐስ ታማሚዎች ላይ ግን ይህ ጭማሪ አይታይም። ከዚህ ሌላ በዘር የሚወረስ ልዩነት አለ። ቱ ቢን በሚሠራው ጂን ውስጥ አንዲት ፊደል ትለወጥና በፕሮቲኑ 232ኛ ቦታ ላይ አይሶሉሲን መሆን የነበረበት አሚኖ አሲድ ትሪዮኒን ይሆናል። ቦታው ፕሮቲኑ የሴሉን ሽፋን የሚያቋርጥበት ክፍል ላይ ነው። ቱ ቢ ይሠራል፤ ገጹም ላይ ይወጣል። ግን የቢ ሴሉ ተቀባዮች ወደሚሰበሰቡበት የሽፋኑ ክፍል እንደልቡ አይገባም። ስለዚህ መቆም በሚገባው ቦታ አይገኝም። ይህን ልዩነት ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው በሉፐስ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከፍ ይላል።

እንዲህ ያለ ጎጂ ነገር ለምን በሰው ልጅ ውስጥ ቆየ ትይኝ ይሆናል። ልዩነቱ ከአውሮፓ ይልቅ ወባ ባለባቸው የአፍሪካና የእስያ ሕዝቦች ውስጥ በብዛት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት ደግሞ ይህን ልዩነት ከሁለቱም ወላጆች የወረሱ የኬንያ ሕፃናት በጠና ወባ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አሳየ። በሌላ አነጋገር፣ በቀላሉ የማይገታ ቢ ሴል ለወባ ብርቱ ነው፤ ለራስ አካል ግን ያሰጋል። ይህን የምነግርሽ ልዩነቱን ወርሰሽው ከሆነ ለአያቶችሽ ሕይወት አድኖ ሊሆን እንደሚችል እንድታውቂ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሉፐስ በአንድ ጂን አይመጣም፤ ብዙ ነገሮች ይደራረባሉ። የቱ ቢን መጠን መለካትም የተለመደ የሕክምና ምርመራ አይደለም፤ ስለዚህ «ይመርመርልኝ» ብለሽ አትጨነቂ። የሚበጅሽ የታዘዘልሽን መድኃኒት አለማቋረጥ፣ ፀሐይ መጠንቀቅ፣ የኩላሊት ምርመራሽን በቀጠሮው ማድረግ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ጥያቄዎችሽን በወረቀት ጽፈሽ ግቢ። ወረፋ ቢኖርም የመጠየቅ መብት አለሽ።

ጥያቄ፦ «የሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪ ነኝ። ቢ ሴሎችን በአንቲ አይጂኤም ስናነቃ አስተማሪያችን ሙሉውን አንቲቦዲ አትጠቀሙ፣ ኤፍ ኤ ቢ ቱ ተጠቀሙ አሉን። ዋጋው ውድ ነው። ሁለቱም አንድ ነገር አይደለም የሚይዙት? ለምን አስፈለገ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ አስተማሪህ ልክ ናቸው። ከላይ ለእህታችን የጻፍኩትን ካነበብክ መልሱን ግማሽ አግኝተሃል።

ሁለቱም የሚይዙት አንድ ነገር ነው፤ በቢ ሴሉ ገጽ ላይ ተቀባይ ሆኖ የተቀመጠውን አይጂኤም የተባለ አንቲቦዲ። ኤፍ ኤ ቢ ቱ የሚባለው ግን በፔፕሲን ተቆርጦ እጀታው የወደቀለት አንቲቦዲ ነው። ሁለት ክንድ አለው፤ ኤፍሲ የለውም። ሙሉው አንቲቦዲ በክንዱ አይጂኤሙን ሲይዝ በእጀታው ደግሞ ያንኑ ሴል በቱ ቢ በኩል ይይዘዋል። እያነቃህ መስሎህ ታቆመዋለህ።

በዓይንህ እንድታየው ልንገርህ። ከደም የለየሃቸውን ሴሎች ኢንዶ-1 በተባለው የካልሲየም ማቅለሚያ ትሞላቸዋለህ። በ37 ዲግሪ ሙቀት ፍሎው ሳይቶሜትሩ (ሴሎችን አንድ በአንድ የሚያነበው ማሽን) ላይ ታስገባቸዋለህ። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ያህል ምንም ሳትጨምር ታስነብባለህ፤ መስመሩ ከታች ተኝቶ ይሄዳል። ቱቦውን አውጥተህ ኤፍ ኤ ቢ ቱውን ጠብ ታደርግና ቶሎ ትመልሰዋለህ። በስክሪኑ ላይ ቱቦው የወጣበት ባዶ ክፍተት ይታያል፤ ከዚያ ነጥቦቹ በሰከንዶች ውስጥ ወደ ላይ ይተኮሳሉ። ጫፍ ከደረሱ በኋላ ትንሽ ይወርዱና ከመነሻቸው ከፍ ብለው ለደቂቃዎች ይቆያሉ። አሁን በሌላ ቱቦ ከጥንቸል የተሠራውን ሙሉ አይጂጂ ሞክር። ይነሳል። ግን ጫፉ ዝቅ ይላል፤ ከዚያም ሳይቆይ ወደ መነሻው ይወድቃል። ያ ልዩነት የሺፕ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ብልጭታ ከሴሉ ጓዳ የሚለቀቅ ካልሲየም ነው። ቀጥሎ ያለው ረጅሙ ክፍል ከውጭ የሚገባው ነው፤ ቱ ቢ በዋናነት የሚዘጋው ይህን ሁለተኛውን ነው። ይህን ግራፍ ማተምና ማስታወሻህ ላይ መለጠፍ አለብህ እልሃለሁ። ከመጽሐፍ ገጾች ይበልጥ ያስተምራል።

ማረጋገጫ ከፈለግክ ሦስተኛ ቱቦ አዘጋጅ። መጀመሪያ ሲዲ 32ን (የቱ ቢና የቅርብ ወንድሞቹ የጋራ ስም ነው) የሚጋርድ አንቲቦዲ ስጣቸው፤ ከዚያ ሙሉውን ጨምር። መግቻው ተጋርዶ ከሆነ መስመሩ እንደገና ከፍ ብሎ ይቆያል። ለዚህ ሥራ የጥንቸሉን የመረጥኩልህ በምክንያት ነው። የጥንቸል አይጂጂ የሰውን ኤፍሲ ተቀባይ በደንብ ይይዛል፤ የፍየሉ ደካማ ነው። የፍየሉን ተጠቅመህ «ልዩነት የለም» ብለህ እንዳትደመድም።

ሁለት ጥንቃቄዎች። ሞኖሳይት የተባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች አብረውህ ካሉ ውጤትህ ይበላሻል፤ እነሱ ቱ ኤ የተባለውን የሚያነቃ የቱ ቢ ወንድም ይዘዋል። ስለዚህ የምታነበው የቢ ሴል መለያ የሆነው ሲዲ 19 ያላቸውን ሴሎች ብቻ ይሁን። ሌላው፣ ቱ ኤ እና ቱ ቢ ከውጭ ሲታዩ በጣም ይመሳሰላሉ። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ የሲዲ 32 አንቲቦዲዎች አይለዩአቸውም። በቢ ሴል ላይ ብዙ አያስቸግርም፤ ያለው ቱ ቢ ስለሆነ። በሌሎች ሴሎች ላይ ግን ስትጽፍ «ሲዲ 32» ብለህ ብቻ ጻፍ፤ ያላየኸውን ፊደል አትጨምር።

እግረ መንገዴን፣ በቢ ሴል ላይ ያለው ቱ ቢ በሌሎች ሴሎች ላይ ካለው በጥቂት ይረዝማል። ጭራው ላይ 19 አሚኖ አሲዶች ተጨምረውበታል። በዚህ ምክንያት የያዘውን ነገር እንደሌላው ፈጥኖ ወደ ውስጥ አይውጥም፤ ገጹ ላይ ሆኖ መግታቱን ይቀጥላል። ሆኖም ፈጽሞ አይውጥም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ለሊምፎማ ካንሰር የተፈቀደው ሪቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት በቢ ሴል ገጽ ላይ ያለውን ሲዲ 20ን ይይዛል፤ እጀታው ግን በዚያው ሴል ቱ ቢ ሊያዝ ይችላል። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ከሲዲ 20 ጋር ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ገዳይ ሴሎች ሊያዩት አይችሉም። ቱ ቢ የበዛባቸው ዕጢዎች መድኃኒቱን የሚያባክኑበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። በተቃራኒው ይህን መግቻ ሆን ብለው የሚረግጡ መድኃኒቶችም እየተሞከሩ ነው። ኦቤክሴሊማብ የተባለው በክንዱ ሲዲ 19ን፣ በተለየ መልኩ በተቀረጸ እጀታው ደግሞ ቱ ቢን አጥብቆ ይይዛል። ሴሉን ሳይገድል ዝም ያሰኘዋል። ከመግደል ዝም ማሰኘት ይሻላል ብዬ ስለማምን ውጤቱን በጉጉት እከታተላለሁ።

ቢ ሴል ሌሎች የአንቲቦዲ ተቀባዮችም አሉት፤ አይጂኢን የሚይዘው ሲዲ 23፣ አይጂኤምን የሚይዘው ኤፍሲ ሙ፣ የኤፍሲአርኤል ቤተሰብም አለ። ለአሁኑ ፈተናህ ቱ ቢን በደንብ ብታውቅ ይበቃሃል።

ጥያቄ፦ «ነፍሰ ጡር ነኝ። ደሜ አር ኤች ነጌቲቭ ነው፤ የባለቤቴ ፖዘቲቭ። በ28ኛው ሳምንት አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ትወጊያለሽ ተባልኩ። አንቲ ዲ ራሱ አንቲቦዲ ነው አሉኝ። የሚፈሩት እኔ አንቲቦዲ እንዳልሠራ አይደል? ታዲያ ራሳቸው ይወጉኛል? ግራ ገባኝ።»

መልስ፦ እመቤቴ፣ ግራ መጋባትዎ የብልህ ሰው ነው። ይህን ያህል ተቃራኒ የሚመስል ነገር በሕክምና ውስጥ ብዙ የለም።

መጀመሪያ ሥጋቱን ላስረዳ። የልጅዎ ደም ፖዘቲቭ ከሆነ በተለይ በወሊድ ጊዜ ጥቂት የልጁ ቀይ የደም ሴሎች ወደ እርስዎ ደም ይገባሉ። የእርስዎ ቢ ሴሎች እነዚህን ሴሎች አይተዋቸው አያውቁም፤ እንደ ባዕድ ይነሱባቸዋል። ይህኛው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም። በሚቀጥለው እርግዝና ግን የተዘጋጀው አይጂጂ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ የሕፃኑን ደም ይሰብራል። መርፌው ባልነበረበት ጊዜ፣ ነጌቲቭ ሆነው በኤቢኦ የደም ዓይነት የሚስማማ ፖዘቲቭ ልጅ ከወለዱ 100 እናቶች 16 ያህሉ እንዲህ ያለ አንቲቦዲ ይሠሩ ነበር። ከወሊድ በኋላ መርፌው ሲሰጥ ከ100 ወደ 1 ወይም 2 ወረደ። በእርግዝናም ሲጨመር ከዚያም ያንሳል።

ነገሩ የቆየ ምልከታ አለው። ተመራማሪው ቴዎባልድ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1909 የዲፍቴሪያ መርዝን ከአንቲቦዲ ጋር ቀላቅሎ ለእንስሳት ሲሰጥ፣ አንቲቦዲው ከበዛ እንስሳቱ የራሳቸውን እንደማይሠሩ አስተዋለ። ከዚያ ስልሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 አንቲ ዲ ለእናቶች ጥቅም በአሜሪካ ተፈቀደ። በዚህ ምክንያት የተረፉትን ልጆች ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

እንዴት ይሠራል? የተወጉት አንቲ ዲ ወደ ደምዎ የገቡትን የልጁን ሴሎች ይለብሳቸዋል። የለበሱትን ጣፊያ ቶሎ ጠርጎ ያወጣቸዋል። የእርስዎ ቢ ሴል ዘንድ የሚደርሱትም ከነአንቲቦዲያቸው ስለሆነ የቱ ቢ መግቻ ሊጫን ይችላል። ብዙ ጊዜ ሁሉም ነገር ለቱ ቢ ብቻ ሲሰጥ እሰማለሁ፤ እኔ አልስማማም። ቱ ቢ የሌላቸው አይጦች ላይ የበግ ቀይ የደም ሴል ከአይጂጂ ጋር ሲሰጥ ምላሹ ያም ሆኖ ታፍኗል። ስለዚህ ሴሎቹን መጥረጉና መሸፈኑ ትልቅ ድርሻ አለው።

ለእርስዎ ዋናው ጊዜው ነው። ከወሊድ በኋላ የልጅዎ ደም ፖዘቲቭ ሆኖ ከተገኘ መርፌው በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። ሆድዎ ላይ ቢወድቁ፣ ቢደሙ ወይም ፅንስ ቢወርድ ያኔውኑ ሐኪም ያግኙ፤ ቀጠሮውን አይጠብቁ። አንድ ጊዜ የራስዎን አንቲቦዲ ከሠሩ በኋላ መርፌው ወደ ኋላ አይመልሰውም። በመርፌው የሚሰጥዎ መጠን ለልጅዎ አያሰጋም። አይዞዎት፣ ይወጉት።

ጥያቄ፦ «የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ነው የሚሰጠው አሉኝ። ልጄ ገና አራት ወሯ ነው። አሁን ብትወጋ ቀድማ አትጠበቅም? ማዘግየቱ ለምንድን ነው?»

መልስ፦ የሚያዘገየው እርስዎ የሰጧት ስጦታ ነው። በእርግዝናዎ የመጨረሻ ወራት የእርስዎ አይጂጂ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ እሷ ተሻግሯል። ኩፍኝ ይዞዎት ከነበረ ወይም ተከትበው ከሆነ የኩፍኙም አብሮ አለ። ይህ አንቲቦዲ አሁን እየጠበቃት ነው፤ በየወሩ ግን ይቀንሳል።

ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። ለመሥራት ጥቂት መባዛት አለበት። የእናት አንቲቦዲ ካለ ቫይረሱን ይዞ ያስቀረዋል። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የዛሬው ርዕሳችን ነው፦ ቫይረሱ በእናት አይጂጂ ተሸፍኖ የልጅቷ ቢ ሴል ጋ ሲደርስ ቱ ቢ ያቆመዋል። የልጅቷ ሴል ያ አይጂጂ የእናት ይሁን የራሱ አያውቅም። «በቂ አለ» ብሎ ይተወዋል። በኮተን ራት፣ ማለትም ለኩፍኝ ጥናት በሚያገለግሉ የአይጥ ዘመዶች ላይ ሲሞከር፣ ሙሉው አይጂጂ ምላሹን አፈነው፤ እጀታው የተቆረጠለት ግን አላፈነውም። ተማሪያችን የጠየቀን ያው ኤፍ ኤ ቢ ቱ እዚህም መጣ።

በተመሳሳይ ጥናት አይጂኤም ሲጨመር ደግሞ ምላሹ ተሻሻለ። አይጂኤም በሽታ ሲጀምር ቀድሞ የሚመጣው አንቲቦዲ ነው። ተመራማሪዎቹ ሄንሪና የርን እ.ኤ.አ. በ1968 አይጂኤም እንደሚያበረታ፣ አይጂጂ እንደሚገታ አሳይተዋል። መጀመሪያ የሚመጣው «ቀጥሉ» ይላል፤ ኋላ የሚመጣው «በቃ»።

ስለዚህ በ4 ወር ብትወጋ ብዙ ላይጠቅማት ይችላል። በ9 ወር የእርስዎ አይጂጂ በአብዛኛው ሳስቷል፤ ሁለተኛው ዙር ደግሞ የቀረውን ያሟላል። አካባቢያችሁ ወረርሽኝ ከገባ ከ6 ወር ጀምሮ ሊሰጥ ይችላል፤ ያ ግን ተጨማሪ እንጂ እንደ መደበኛ አይቆጠርም። በጊዜው እንደገና ትወጋለች። እስከዚያ ትኩሳትና ሽፍታ ያለበት ሰው አያቅፋት።

ጥያቄ፦ «የክትባት ሁለተኛ ዙር ቀጠሮዬ ሩቅ ነው። ቶሎ ብወስደው የበለጠ አይጠነክርም?»

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይጠነክርም። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ቢ ሴሎችዎ በሊምፍ ኖድ ውስጥ እየተጣሩ ነው፤ የተሻለ የሚይዙት እየተመረጡ ይቀራሉ። ይህ ሳምንታት ይወስዳል። ቶሎ ከተደገመ ደምዎ ውስጥ ያለው ትኩስ አንቲቦዲ ክትባቱን ይሸፍነዋል፤ ከላይ ያወራነው ሁሉ ይከተላል። ካርድዎ ላይ የተጻፈውን ቀን ይጠብቁ። ቀኑ ቢያልፍብዎትም አይደናገጡ፤ ለአብዛኞቹ ክትባቶች ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግም። ከቆሙበት ይቀጥላሉ።